አዳማ ላይ ሆነው ለኮዲንግ ቡትካምፕ ከመክፈልዎ በፊት

ቡትካምፕ ኮዲንግን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን) በጥቂት ወራት አጣድፎ የሚያስተምር የክፍያ ሥልጠና ነው። ትምህርቱ ራሱ ግን በነጻ አለ። ፍሪኮድካምፕ የተባለው ድረ ገጽ ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕትን፣ ማለትም የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋዎችን፣ ከነመልመጃቸው ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ሲኤስ50 ለማንም ክፍት ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ገንዘብ አይጠይቅም። ቡትካምፕ የሚገቡት እንግዲህ ለሦስት ነገር ከፍለው ነው፦ ቀን ቆርጦ ለሚያሠራ መርሐ ግብር፣ ኮድዎን አንብቦ ለሚያርም ሰው፣ ሥራ ሲፈልጉ ስምዎን ለሚያነሳ ሰው። የትኛው እንደጎደለዎ ሳይለዩ ዕቁብ ደረሰኝ ብለው አይክፈሉ።

መለያው የ6 ሳምንት ሙከራ ነው። ሥራዎን ሳይለቁ በሳምንት 10 ሰዓት ይያዙ፤ የሠሩበትን ሰዓት ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ማታ ድካም ስለሚያሸንፍ ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቶ 2 ሰዓት መሥራት ይሻላል። 4 ሳምንት ከነጻዎቹ አንዱን ብቻ ይከተሉ፤ ሦስት ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርሱ መቅረት የተለመደ ነው። በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ቪዲዮውን ይዝጉና ከራስዎ ሥራ የወጣ ትንሽ ነገር ይሥሩ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚት ላይ ከሆኑ የኮንቴይነር መመለሻ ቀን መዝግቦ የቀረውን ቀን የሚያሰላ ገጽ፤ ሱቅ ካለዎት የዱቤ መዝገብ። ቻትጂፒቲ ስህተትዎን ያስረዳዎ፤ ኮዱን ግን አይጻፍልዎ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። እያዩ መገልበጥ ያወቁ ያስመስላል፤ ባዶ ገጽ ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር እንኳ አይመጣም። አይፍሩት፣ ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከ6 ሳምንት በኋላ ማስታወሻዎን ይዩ። 60ው ሰዓት ካልሞላ የጎደለው ጊዜ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሰዓት የሚጠይቅ ቡትካምፕ ደግሞ ጊዜ አይሰጥዎትም። ሰዓቱ ሞልቶ ስህተት መፈለጉ ካንገፈገፈዎ ገንዘብዎን ያትርፉ፣ የሥራው አብዛኛው ክፍል እሱ ነውና። ሰዓቱ ሞልቶ፣ ሥራውም ጥሞዎት፣ ግን አንድ ችግር ላይ ብቻዎን ቀናት ከቆዩ ቡትካምፕ በእውነት የሚጠቅመው እርስዎን ነው።

አሁን ትምህርት ቤቱን ይመርምሩ። «ከተመራቂዎቻችን 80 በመቶው ሥራ ይዘዋል» ሲባል፣ ከስንቱ ተብሎ ይጠየቅ። አቋርጠው የወጡት ተቆጥረዋል? ለጊዜው በራሱ በተቋሙ የተቀጠሩትስ? ጥያቄው የጥርጣሬ ብዛት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ላምዳ ስኩል ይባል የነበረው ብሉምቴክ ከ71 እስከ 86 በመቶ ተማሪዎቹ ሥራ እንደሚይዙ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እውነተኛው አሃዝ ወደ 50 በመቶ የሚጠጋ፣ በአንዳንድ ዙር 30 በመቶ ድረስ የወረደ መሆኑን ገልጾ ቀጥቶታል። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በፊት የጨረሱ 3 ተመራቂዎችን ራስዎ ፈልገው ያነጋግሩ። ተቋሙ የሚያገናኝዎት የተሳካላቸውን ነው። ጊትሀብ ላይ (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ያለ ሥራቸውንም ይክፈቱ፤ የሁሉም ፕሮጀክት አንድ ዓይነት ከሆነ ከአስተማሪው ተገልብጧል ማለት ነው። አንድ መምህር ለስንት ተማሪ እንደሆነና የቤት ሥራ በስንት ቀን ታርሞ እንደሚመለስም ይጠይቁ። ለ60 ሰው አንድ መምህር ካለ ቪዲዮ እንደገዙ ይቁጠሩት።

ገንዘቡን ሲያሰሉ ከትምህርት ክፍያው አይጀምሩ። ሥራ ለቀው ለ4 ወር ቢማሩና ሥራ ፍለጋው 6 ወር ቢወስድ፣ የቤትዎ ወጪ በወር 15,000 ብር ከሆነ 150,000 ብር ያለ ደመወዝ መኖሪያ ያስፈልግዎታል። ትምህርት ክፍያው በዚህ ላይ ይደመራል። የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ዙር ረጅም ቢሆንም ይህን ሸክም ያቃልላል፤ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው የምንመክረው እሱን ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ይኑረው፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ ለመሥራት ካሰቡ ራሙ 16 ይሁን። ያገለገለ ሲገዙ ቻርጀሩን ነቅለው አንድ ሰዓት ያሠሩት። መብራት ሲጠፋ የሚያድንዎት ባትሪው ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ ከሆነ የአንድ ሰዓት የቀጥታ ክፍል 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚበላ፣ ክፍሉ ተቀድቶ እንደሚቀመጥ አስቀድመው ያረጋግጡ።

የሥራ ገበያውን የሚያውቁት ማስታወቂያ በመቁጠር ነው። በሁለት ሳምንት 30 የፕሮግራመር ማስታወቂያ ሰብስበው ዲግሪ፣ የልምድ ዓመት፣ የሥራ ቦታና የተጠየቀውን ቋንቋ በአራት ዓምድ ይጻፉ። «በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚለውን መሥሪያ ቤት የቡትካምፕ ሰርተፍኬት አያስገባዎትም። አዲስ አበባ የሚለውም ይበዛል፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በየቀኑ መመላለስ ከከበደዎ የኪራይ ቤት ወጪውን ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር ይደምሩ። አዳማ ላይ መቆየት ለሚፈልግ ግን ሌላ በር አለ፦ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የመጋዘን ኃላፊ ወይም የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የነበረ ሰው የዘርፉን ችግር ያውቃል። ለእሱ ከሙሉ ቡትካምፕ ይልቅ ኤክሴልን ጠለቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ ኤስኪውኤል (ከመረጃ ቋት መረጃ የሚወጣበት ቋንቋ) እና ትንሽ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማሩ አሁን ባለበት መሥሪያ ቤት ቶሎ ይከፍለዋል።

እነዚህ ሁሉ አልፈው ለመመዝገብ ከወሰኑ አንድ ክፍለ ጊዜ በነጻ ገብተው ይዩ፣ በየወሩ የሚከፈልበትን ውል ይምረጡ፣ በ2ኛው ሳምንት ቢያቋርጡ ስንት ብር እንደሚመለስልዎም ውሉ ላይ በአኃዝ ይጻፍ።