ስም አልባው ኳርተርባክ፦ የኮሌጅ ፉትቦል ጌም ችግርና መፍትሄ

ፉትቦል ስል የአሜሪካኑን ነው፤ ሞላላዋን ኳስ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቪዲዮ ጌም መጠገን እንጀራዬ አይደለም፤ ግን ከዓመታት በፊት የአንድ ዘመዳችንን ልጅ ፕሌይስቴሽን ፈትቼ አቧራውን ካራገፍኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ቅዳሴ አልቆ ገና ጫማዬን ሳላጠልቅ «የኔ ልጅ፣ የልጁ ጌም እምቢ አለው» የምትለኝ እናት አትጠፋም። ከሚመጣልኝ አብዛኛው የኮሌጅ ፉትቦል ጌም ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ያው አንድ ጥፋት ነው። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት፣ ዲስኩን መጥረግ፣ ኢንተርኔቱን ማየት የመሳሰሉትን አልጽፍም፤ ያን ሳታደርጉ መጥታችሁ ከሆነ ሂዱና አድርጉ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ ተጫዋቹ ስም የለውም፣ «ኪውቢ ቁጥር 7» ብቻ ይላል

«ኪውቢ» ኳርተርባክ ማለት ነው፤ ኳሷን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ። ይህ በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) ፉትቦል 14 ላይ ነው፤ ጁላይ 2013 ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 የወጣው። ጌሙ አልተበላሸም፣ ዲስኩም ፎርጅድ አይደለም። ከፋብሪካው ሲወጣም ስም አልነበረውም።

ምክንያቱ ሕግ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹን አርማ፣ ማልያና ስታዲየም የጌሙ ሠሪ ኢኤ በፈቃድ ገዝቷል። ተጫዋቾቹ ግን «አማተር» ስለተባሉ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር፤ ስለዚህ ስማቸው ቀርቶ ቁጥራቸው፣ ቁመታቸው፣ ክብደታቸውና የመጡበት ስቴት ጌሙ ውስጥ ገባ። የሜሪላንዱ ደብሊውአር (ኳስ ተቀባይ) ቁጥር 1 ስቴፎን ዲግስ መሆኑን እዚህ አካባቢ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቅ ነበር። ጌሙ ብቻ የማያውቅ መስሎ ተቀመጠ።

ይህ ማስመሰል ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2009 የቀድሞው የአሪዞና ስቴትና የነብራስካ ኳርተርባክ ሳም ኬለር ከሰሰ። በዚያው ዓመት የዩሲኤልኤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረው ኤድ ኦባነን ከሰሰ፤ እሱ በወዳጁ ቤት የቅርጫት ኳስ ጌም ላይ ራሱን ነው ያየው፦ ግራኝ፣ ቁጥር 31፣ ስም የለውም። ኢኤና የፈቃድ ሻጩ ድርጅት 40 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤንሲኤኤ ደግሞ 20 ሚሊዮን ለመክፈል ተስማሙ። ጌሙም ተቋረጠና እስከ 2024 ለ11 ዓመት አዲስ አልወጣም። የ14ቱ አሮጌ ዲስክ ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ የነበረው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ሮስተር ነው፤ የቡድኖቹ የተጫዋች ዝርዝር ፋይል። ደጋፊዎች ቁጭ ብለው የእያንዳንዱን ቡድን ስም በእጃቸው ጽፈው፣ ሴቭ አድርገው፣ በነጻ ያካፍሉታል። እሱን አምጥታችሁ ሎድ ታደርጋላችሁ። ይኼን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ምልክት፦ ሮስተሩን ሎድ አድርጌያለሁ፣ ዳይናስቲው ውስጥ ግን ስም የለም

ይኸውላችሁ። ከአስር ጥሪ ሰባቱ ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ዳይናስቲ ማለት ቡድን ይዛችሁ ለዓመታት የምታሰለጥኑበት ክፍል ነው። ዳይናስቲ ስትጀምሩ ጌሙ በዚያች ደቂቃ ያለውን ሮስተር ይገለብጥና የራሱ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ ወዲያ ከውጭ የምትጭኑትን ሮስተር ዞሮም አያየውም። በዋናው ሜኑ ላይ ስሙ ሁሉ አምሮ ይታያል፤ ለወዳጅነት ጨዋታ ብትገቡም አለ፤ ዳይናስቲው ግን ያው «ኪውቢ ቁጥር 7» ነው። ዳይናስቲ ጀምሮ ሮስተር መጫን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ፣ ከሜሪላንድ ጋር ሦስት ሲዝን ከተጫወተ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ስም አስገባልኝ» ብሎ መጣ። ሮስተሩ አለው፣ ዳይናስቲውም አለው፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው። አዲስ ጀምር ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሁለት ዋንጫ አለው። እሺ፣ በእጅ እናርመው አልኩ። እዚያው ዳይናስቲው ውስጥ የተጫዋቹን ስም እየከፈቱ መጻፍ ይቻላል። በአንድ ቡድን እስከ 70 ተጫዋች አለ። በኮንትሮለር፣ በአውራ ጣት፣ አንድ ፊደል ወደ ቀኝ፣ ሁለት ፊደል ወደ ታች፣ ተጫን፤ ፊደሏ ካለፈችህ ተመለስ። የአንድ ቡድን ስም ስንጨርስ እናቱ ሁለተኛውን ቡና አፍልታ ሦስተኛውን አድርሳለች። በጌሙ ውስጥ ከ120 በላይ ቡድን አለ፤ ማለትም ከ8,000 በላይ ስም። የዚያን ቀን «እናርመው» ያልኩትን ሁለተኛ አልደግመውም።

ሌላው ደግሞ ወንድማማቾች ናቸው። አንድ ፕሌይስቴሽን 3፣ ሁለት ዩዘር። ትልቁ ሮስተሩን በራሱ ዩዘር አስገብቷል፤ ትንሹ ደግሞ በራሱ ዩዘር ገብቶ ዳይናስቲ ጀመረ። ሴቭ የሚቀመጠው በየዩዘሩ ስለሆነ የትንሹ ማሽን፣ ያው ማሽን ሆኖ፣ ሮስተር የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለቱ ተጣልተው ነው የጠሩኝ፤ ትንሹ «ደብቆብኝ ነው» ብሎ ምሎ ነበር።

ማድረግ ያለባችሁ ይህ ነው። መጀመሪያ በምትጫወቱበት ዩዘር ግቡ፤ በእንግዳ አካውንት አይደለም። ሮስተሩን ሎድ አድርጉ። ሎድ ሆነ ብሎ የሚናገረውን አትመኑ፤ የምታውቁትን ቡድን ከፍታችሁ ስም በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ሮስተሩን በሌላ ስም መልሳችሁ ማሽኑ ላይ ሴቭ አድርጉት፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ጌሙ ወደ ፋብሪካው ሮስተር ሊመለስ ይችላልና። አሁን ዳይናስቲውን ጀምሩ፤ ሮስተር ሲጠይቃችሁ ያንኑ ሴቭ ያደረጋችሁትን ምረጡ። የመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ሳይነካ የራሳችሁን ቡድን ዝርዝር ክፈቱ። ስም ካለ ቀጥሉ። «ኪውቢ» ካለ ውጡ፣ አጥፉት፣ እንደገና። አሁን ብታጠፉት አምስት ደቂቃ ነው የሚያከስራችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌውን ሮስተር በአዲሱ ላይ ሴቭ አታድርጉ። ማስጠንቀቂያ፦ ሁለቱን በአንድ ስም አትጥሩ፤ «አዲሱ»፣ «አዲሱ 2»፣ «የመጨረሻው አዲሱ» እያላችሁም አትጻፉ፤ ቀን ጻፉበት። ማስጠንቀቂያ፦ በየሲዝኑ መጨረሻ ዳይናስቲውን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ እነዚህ ማሽኖች አርጅተዋል፣ ሃርድ ዲስካቸው ሳይሰናበት ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ብልሽት አይደለም። አሌክሳንድሪያ ያለ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ነው የሚጫወተው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደውሎ «ስሞቹ ጠፉ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ገቡ» አለኝ። ስንተኛ ሲዝንህ ነው? ስድስተኛ። ተመርቀው ሄደዋላ! ኮሌጅ ነው፤ ተማሪው ይጨርሳል፣ ጌሙ በምትኩ ስም ፈጥሮ አዲስ ልጅ ያመጣል። አምስት ዓመት ካለፈ ከመጀመሪያው ሮስተር የሚቀር የለም።

ምልክት፦ ፍላሹ ላይ ያለውን ሮስተር ማሽኑ አያየውም፣ ወይም «ተበላሽቷል» ይላል

አለማየቱ የፎርማት ጉዳይ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ፋት 32 ብቻ ነው የሚያነበው፤ ኤክስፋትም ኤንቲኤፍኤስም አይገባውም። ዊንዶውስ ደግሞ ከ32 ጂቢ በላይ የሆነ ፍላሽ በተለመደው መስኮት ፋት 32 አያደርግላችሁም። 16 ወይም 32 ጂቢ ግዙ። በመንገድ ላይ በአምስት ዶላር «1 ቴራ» እያሉ የሚሸጡትን ግን እባካችሁ አታምጡብኝ፤ ውስጡ 8 ጂቢ እንኳ አይሞላም፣ የጻፋችሁበትን ይውጠዋል፣ ከዚያ «ሮስተሩ ነው የተበላሸው» ትሉኛላችሁ።

ፎርማቱ ትክክል ሆኖ ካላየው ፎልደሩን እዩ። ፒኤስ 3 የሚል ፎልደር፣ በውስጡ ሴቭዳታ የሚል፣ ሁለቱም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፤ በውስጡ ደግሞ የጌሙ መለያ፣ ብሉስ 31159 ብሎ የሚጀምረው። ዚፑን ሳይፈቱ እንዳለ የሚጥሉ አሉ። ፈትተው ደግሞ ፎልደር በፎልደር ውስጥ የሚደርቡ አሉ፤ ይህኛው ይበዛል።

«ተበላሽቷል» ወይም «የሌላ ሰው ነው» ካለ ግን ፋይሉ ደህና ነው፤ የተቆለፈው በሠራው ሰው አካውንት ነው። ለፕሌይስቴሽን 3 ብሩትፎርስ ሴቭ ዳታ የሚባለውን ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ፣ ከራሳችሁ ሴቭ የአካውንት መለያችሁን ወስዳችሁ፣ ሮስተሩን በስማችሁ ታስፈርሙታላችሁ። ማሽኑ የተከፈተ (የፋብሪካው ቁልፍ የተሰበረ) ከሆነ አፖሎ የሚባለው ፕሮግራም እዚያው ማሽኑ ላይ ይሠራዋል። ለኤክስቦክስ 360 ሆራይዘን የሚባል ፕሮግራም አለ፦ ፋይሉን ክፈቱ፣ የፕሮፋይል መለያውን በራሳችሁ ተኩ፣ ሪሃሽና ሪሳይን የሚለውን ተጫኑ። የኤክስቦክሱን ፋይል በፕሌይስቴሽኑ፣ የፕሌይስቴሽኑን በኤክስቦክሱ አትሞክሩ፤ አይሆንም። ኤሙሌተር (ማሽኑን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ የምትጫወቱ ደግሞ ከእውነተኛ ማሽን የመጣ ሴቭ መጀመሪያ መፈታት አለበት።

ማሽኑ «ፋይሉ ይጥፋ?» ብሎ ቢጠይቅ አዎ አትበሉ። ገና ሳታነቡ አዎ የሚጫን አውራ ጣት ያለው ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ኮንትሮለሩን ውሰዱበት።

ምልክት፦ ስሙ ተጽፏል፣ ኮሜንታተሩ ግን ቁጥር ነው የሚጠራው

የጌሙ ኮሜንታተር ብራድ ኔስለር የሚጠራው አስቀድሞ በድምፅ የተቀዳለትን የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። ስሙ እዚያ ውስጥ ከሌለ ቁጥር ይጠራል። የፊደል ስህተትም ይህንኑ ያመጣል፤ ያን አርሙ። ራሳቸውን ፈጥረው «ገብረማርያም» ብለው የጻፉ ልጆች ሲጠሩ ለመስማት ጠብቀዋል፤ እኔም አብሬ ጠብቄያለሁ። የለም።

ምልክት፦ ሞድ ከገባ በኋላ ሎዲንግ ላይ ይቀራል

ሞድ ጌሙን የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል ነው። ኮሌጅ ፉትቦል ሪቫምፕ የሚባለው የደጋፊዎች ሥራ የ14ቱን ማልያ፣ ስታዲየምና የስክሪን ግራፊክስ አድሶታል። የሚሠራው በተከፈተ ማሽን ወይም በኮምፒውተር ኤሙሌተር ነው፤ ካልተከፈተ ማሽን ጋር አትታገሉ። የሚቆመው ብዙ ጊዜ ግማሽ ወርዶ ነው፦ ዳውንሎዱ ተቋርጧል ወይም አንቲቫይረስ አንዱን ፋይል በልቶታል። የፋይሉን መጠን አስተያዩና እንደገና አውርዱ። ከሞዱ ጋር የመጣውን ሮስተር ተጠቀሙ፤ የድሮውን አታዛምዱ። ለትምህርት ቤት የተገዛ ደካማ ላፕቶፕ ኤሙሌተሩን አይችለውም፤ ማራገቢያው እንደ አውሮፕላን ቢጮህ አትደነቁ። በነጻ የተሠራውን ሞድ ሃርድ ዲስክ ላይ ጭኖ በገንዘብ የሚሸጥላችሁ ሰው ደግሞ ሲበላሽ ስልክ አያነሳም።

ምልክት፦ በአዲሱ ጌም የምፈልገው ተጫዋች የለም

ከጁላይ 2021 ወዲህ ተጫዋቾች ከስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ጁላይ 19፣ 2024 ኢኤ ስፖርትስ ኮሌጅ ፉትቦል 25 ሲወጣ 134 ትምህርት ቤት ይዞ፣ ከ10,000 በላይ ተጫዋች በእውነተኛ ስሙ ይዞ ነው። በስሙ ለመግባት የፈረመ ሁሉ 600 ዶላርና አንድ ጌም አገኘ። ያልፈረመው ግን ጌሙ ውስጥ አይገኝም፤ በቦታው ጌሙ የፈጠረው ሰው ቆሟል። ዝነኛው ኳርተርባክ አርች ማኒንግ መጀመሪያ አልገባም ብሎ ኋላ ገብቷል። በ25 ውስጥ እውነተኛ አሰልጣኞችም የሉም፤ ብዙዎቹ የገቡት ቀጥሎ በወጣው በ26 ነው። የእውነተኛ ተጫዋች ስም ልቀይር ብትሉ አይነካም። ድሮ ስም ለመጻፍ ነበር የምንታገለው፣ አሁን የተጻፈው ተቆልፏል።

የሮስተር አፕዴት ወጥቶ ዳይናስቲያችሁ ውስጥ ካልታየ ወደ ላይ ተመለሱና ረጅሙን ክፍል አንብቡ። ያው በሽታ ነው።

ቲም ቢልደርም እንዲሁ፤ የራሳችሁን ቡድን በኢንተርኔት ሠርታችሁ የምታስገቡት ዳይናስቲ ስትጀምሩ እንጂ መሃል ላይ አይደለም። ቡድኑ ጭራሹን ካልታየ የሠራችሁበት የኢኤ አካውንት ማሽኑ ላይ ካለው የተለየ ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ የእናትየው፣ የልጁና የተረሳ ሦስተኛ አካውንት አግኝቻለሁ። አርማችሁ ሄልሜቱ ላይ ነጭ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ጄፔግ ነው ያስገባችሁት። አንድ ልጅ የይሁዳ አንበሳን በአረንጓዴ ሄልሜት ላይ አስቀምጦ፣ አንበሳው ፍራሽ ላይ የተኛ መስሎ ነበር። ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ ቀየርነው፤ ተነሳ።

ምልክት፦ ከኢንተርኔት ያወረድኩት የኮምፒውተር ወይም የስልክ ኮሌጅ ፉትቦል 25 አይከፍትም

አይከፍትም፤ የለምና። 25ም 26ም የወጡት ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው። «ለስልክ የተዘጋጀ» ብሎ ያወረዳችሁት ቫይረስ ነው። አንዲት እናት ልጇ ባወረደው የተነሳ ኢሜይሏን ተነጠቀች፤ ለማስመለስ ሳምንት ፈጀብን። አውርዳችሁ ከሆነ አሁኑኑ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ የኢሜይልና የባንክ ፓስወርዳችሁን ከሌላ ማሽን ቀይሩ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጉ። አጥፍቼዋለሁ ብቻ ብላችሁ አትተዉት።