አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ፦ ሽቦ ከማሳሰራችሁ በፊት

ልጃችሁ ቴሌቪዥን ሲያይ አፉ ክፍት ነው? ጠዋት ትራሱን በለሃጭ ርሶ ታገኙታላችሁ? ከንፈሩ ሁሌ ደረቅ ነው፣ ሌሊት እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል? ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ይስቅበታል። «አያቱን ነው የወጣው» ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ትልልቆቹ ጥርሶች ሲመጡ ቦታ አጥተው ይደራረባሉ ወይም ልጁ ገጣጣ ይሆናል፣ ያኔ ሁሉም ሰው «ሽቦ ይታሰርለት» ማለት ይጀምራል። ሽቦ መጥፎ ነው አላልኩም። ተራው ግን ገና ነው። መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ላንቃ፣ ከዚያ ጥርስ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። አፉን ገጥሞ በአፍንጫው የሚተነፍስ ልጅ ምላሱ የሚያርፈው ላንቃው ላይ ነው። ጉንጭ ከውጭ ሲጫን ምላስ ከውስጥ ይመክታል፤ የላይኛው መንጋጋ የሚሰፋው በዚህ መሃል ነው። አፍ ተከፍቶ ሲዋል ምላስ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሚመክት ይጠፋል፣ ላንቃው እየጠበበ ወደ ላይ ይጎደጉዳል። ኤጊል ሃርቮልድ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 1981 ባወጣው ጥናት ይህን ያየው የጦጣዎችን አፍንጫ ደፍኖ ነው። በአፋቸው ለመተንፈስ የተገደዱት ጦጣዎች የጥርሳቸው አገጣጠም ተበላሸ፣ የሁሉም ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ሰውም ላይ እንዲሁ ነው። አፉን የሚከፍት ልጅ ሁሉ ጥርሱ ይጣመማል ማለት አይደለም፣ የተጣመመ ጥርስም ሁሉ ከዚህ አይመጣም። ዘር አለ፣ ጣት መጥባት አለ፣ ጡጦ ለዓመታት አለመተው አለ።

እንግዲህ ከቤት ጀምሩ። ልጁ ጉንፋን በሌለበት ሰሞን፣ እንቅልፍ ከወሰደው ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቀስ ብላችሁ ግቡና በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። ከደረቱ እስከ ፊቱ ይታይ፣ ድምፁም ይሰማ። የምትፈልጉት ይሄን ነው፦ አፉ ክፍት ነው? አንገቱን ወደ ኋላ ለጥጦ ነው የሚተኛው? ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ፣ ከዚያ እንደ ማነቅ ብሎት ይመለሳል? ይህን የመጨረሻውን ካያችሁ ቀጠሮ አታዘግዩ። ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ነቅቶ የተቀመጠ ልጅ ነው የሚያየው፣ ቪዲዮው የሌሊቱን ይነግረዋል። በነገራችን ላይ እንቅልፉ የሚቆራረጥ ልጅ ቀን ላይ የግድ አያንቀላፋም። ብዙዎቹ ይባስ ብለው ይቅበጠበጣሉ፣ ትምህርት ላይ ልብ አይሉም፣ አልጋ ላይ መሽናታቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ «አስቸጋሪ ልጅ» የሚል ስም ይወጣላቸዋል።

ቀን ላይ ደግሞ ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ያዙለት፣ አፉን ገጥሞ ይተንፍስ። ጉም በሁለቱም በኩል መታየት አለበት። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ከዚያው ቀዳዳ ሽታ ያለው ንፍጥ የሚወርድ ከሆነ፣ ልጁ ሽምብራ ወይም ዶቃ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ከትቶ ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ለማውጣት አትጎርጉሩ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት። ከአሻንጉሊት የወጣች ትንሽ ክብ ባትሪ ከሆነች ደግሞ ሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ታቃጥላለችና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ቀጣዩ ከአንገት በላይ ሐኪም ነው። ትንንሽ ልጆች ላይ ዋናው ተጠርጣሪ አዴኖይድ ነው፤ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ ያለ ሥጋ ነው፣ አፍ ከፍታችሁ አታዩትም። ሐኪሙ የሚያየው በራጅ ወይም በቀጭን ካሜራ ነው። አዴኖይድ የሚያብጠው በልጅነት ሲሆን ወደ ጉርምስናው አካባቢ በራሱ እየከሰመ ይሄዳል። ታዲያ ለምን አንጠብቅም? ልጁ እንቅልፍ እያጣ ከሆነና መንጋጋው እያደገ ያለው በእነዚሁ ዓመታት ከሆነ መጠበቁ ዋጋ ያስከፍላል። ቀላል ከሆነ ግን በክትትል ብቻ የሚያልፍ አለ። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አለርጂ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስ፣ አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ የሚያሽ፣ ዓይኑ ሥር የሚጠቁር ልጅ ካላችሁ የሚተኛበትን ክፍል እዩ። የከሰል ጭስ፣ ዕጣን፣ ሲጋራ፣ አቧራ የጠጣ ብርድ ልብስ። ቡናችሁን ተዉ አልልም፣ ዕጣኑ ግን ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ። ሐኪም የአፍንጫ ስፕሬይ ካዘዘ አነፋፉ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ልጁ አንገቱን ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል። ጫፉን ወደ መሃለኛው ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮው አቅጣጫ አዙሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ለውጥ ካላያችሁ አትጣሉት፣ ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ስፕሬይ ሙሉ ውጤቱን ለማሳየት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ፋርማሲ የሚሸጠው ቶሎ ከፋች ጠብታ ሌላ ነገር ነው። ለቀናት ይረዳል፣ ሲለመድ ግን መልሶ አፍንጫውን ይደፍነዋል። አፍንጫ በጨው ውሃ የምታጥቡ ከሆነ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እንጥል ማስቆረጥ! እንጥልና ቶንሲል አንድ አይደሉም፣ እንጥል ስለተቆረጠ አፍንጫ አይከፈትም። ልጁ የሚያተርፈው መድማትና ኢንፌክሽን ነው፣ ምላጩ ከሌላ ሰው ጋር ከተጋራ ኤችአይቪም አለ። አያት ቢቆጡም ቢያዝኑም፣ እምቢ በሉ።

አሁን ወደ ጥርሱ። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስና የመንጋጋ አገጣጠም የሚያስተካክሉ ሐኪሞች) ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንዴ እንዲታዩ ይመክራል። ለመታየት ነው እንጂ በ7 ዓመቱ ይታሰርለት ማለት አይደለም። ላንቃው ጠቦ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በታችኛው ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከሽቦ በፊት የሚመጣው የላንቃ ማስፋፊያ ነው፤ ከላይኛው ጥርሶች ጋር ተያይዞ ላንቃው ሥር የሚቀመጥ፣ መሃሉ ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚዞር ብሎን ያለው መሣሪያ። የላንቃ አጥንት መሃሉ ላይ መጋጠሚያ አለው፣ በልጅነት ገና አልጠነከረም። ከጉርምስና በኋላ እያስቸገረ ይሄዳል፣ አዋቂ ላይ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

ማስፋፊያውን ቤት ውስጥ የምታዞሩት እናንተ ናችሁ። ልጁን አልጋ ላይ አስተኙት፣ አንገቱ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፣ አንድ ሰው ባትሪ ያብራ። ቁልፏን ክር እሰሩባትና ክሩን ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት፣ ብታመልጥ ወደ ጉሮሮው እንዳትገባ። የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ አስገብታችሁ ከፊት ወደ ኋላ ግፉ፣ ቀጣዩ ቀዳዳ ከፊት ሙሉ በሙሉ እስኪታይ። ካልታየ ሳትጨርሱ ነው ያወጣችሁት፣ የነገው ቁልፍ መግቢያ ያጣል። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በቀን ስንቴ እንደሚዞር ሐኪሙ ካዘዘው በላይ አትጨምሩ። ልጁ ጥቂት ደቂቃ አፍንጫው ሥር ግፊት ይሰማዋል፣ ለሃጩ ይበዛል፣ ለጥቂት ቀናት ይኮላተፋል። ከዚያ የፊት ጥርሶቹ መሃል ፍንጭት ይመጣል። አትደንግጡ፣ መስፋቱን የሚያሳይ ነው፣ ቀስ በቀስ ይገጥማል። ፍንጭቱን ወደዱት? ብዙም አይቆይላችሁም። ዙሩ ካለቀ በኋላም ማስፋፊያው አዲስ አጥንት እስኪሞላ ለወራት እዚያው ይቆያል። ቆሎ፣ ማስቲካና የሚያጣብቅ ከረሜላ እስከዚያ የለም።

ላንቃው ያልጠበበ ልጅ ላይ «ለትንፋሹ ይረዳዋል» ተብሎ ብቻ ማስፋፊያ ቢቀርብላችሁ ግን ሌላ ሐኪምም ይየው።

አፍንጫው ከተከፈተ በኋላ አፉ በልማድ ክፍት የሚቀር ብዙ ነው። ቀኑን ሙሉ «አፍህን ዝጋ» እያላችሁ አትጩሁበት፣ አንድ ምልክት ተስማሙ፦ አፍንጫችሁን ስትነኩ እሱ ከንፈሩን ይግጠም። የምላሱን ቦታ ለማሳየት «ለ» በል በሉት፤ ጫፉ የነካት ቦታ ናት ማረፊያዋ። የቤት ሥራ ሲሠራ ንጹሕ ወረቀት በከንፈሩ ብቻ ይያዝ፣ በጥርሱ ሳይነክስ። ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን አፍ በፕላስተር መለጠፍ ልጅ ላይ በጭራሽ አትሞክሩ። አፍንጫው ቢደፈን ወይም ቢያስታውክ በምን ይተነፍሳል?

ሽቦው ሲታሰር የደረቀ አፍ ድድን ያሳብጣል፣ ጥርስንም ያበሰብሳል፣ ስለዚህ ማታ ብሩሽ ሳይነካ አይተኛ። ሽቦው ሲወጣ የሚሰጠውን ሪቴይነር፣ ማለትም ጥርሱን በአዲሱ ቦታው የሚይዘውን መሣሪያ፣ ሐኪሙ ባለው ልክ ያድርግ፣ አፉ አሁንም ክፍት ከሆነ ጥርሱ ተመልሶ ሊጣመም ይችላል። ሪቴይነሩ ሲወጣ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ እንጂ በሶፍት አይጠቅለል፣ ሶፍቱ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። በፈላ ውሃም አትጠቡት፣ ይጣመማል።