ድሬ ላይ የመጀመሪያ ቴሌስኮፕ ስትገዙ ምኑን ነው የምታዩት?

ሳጥኑ ላይ በትልቁ «525 እጥፍ ያጎላል» ተብሎ የተጻፈበት ቴሌስኮፕ ካጋጠማችሁ አትግዙት። ዋናው ምክሬ ይኸው ነው። ታይዋን ገበያ ተገኘ፣ በጅጅጋ በኩል መጣ፣ ዱባይ ያለች እህታችሁ ላከችው፣ ለውጥ የለውም። ሳጥኑ ላይ ባለቀለም የሳተርን ፎቶ ካለና ቁጥሩ በመቶዎች ከተቆለለ፣ ገንዘባችሁ የሚሄደው ለካርቶኑ ነው።

525 ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ። ቴሌስኮፕ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ የሚታወቀው የቱቦውን የትኩረት ርዝመት (ብርሃኑ ከሌንሱ ወይም ከመስታወቱ ተነስቶ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን ርቀት) ዓይን ለሚጠጋባት ትንሽ ሌንስ፣ አይፒስ ለሚሏት፣ የትኩረት ርዝመት በማካፈል ነው። ቱቦው 700 ሚሊሜትር፣ አይፒሷ ደግሞ 4 ሚሊሜትር ከሆነች 175 እጥፍ ይወጣል። እዚያ ላይ ባርሎው የሚባል፣ ሦስት ጊዜ የሚያባዛ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰኩና 525 ይሞላል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የሚታይ ነገር ግን የለም። አንድ ቴሌስኮፕ ሲበዛ ሊያጎላ የሚችለው የአፉ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ በ2 ሲባዛ የሚገኘውን ያህል ነው። 60 ሚሊሜትር አፍ ያለው 120 እጥፍ ላይ ያበቃል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ስትገፉት ጨረቃ እንኳን ድብዝዝ ትላለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት እጥፍ?» ሳይሆን «አፉ ስንት ነው?» ይሁን። ቴሌስኮፕ ዋና ሥራው ብርሃን መሰብሰብ ነው፣ ብርሃኑም የሚገባው በፊት ሌንሱ ወይም ቱቦው ስር ባለው መስታወት ልክ ነው። 130 ሚሊሜትር መስታወት ከ60 ሚሊሜትር ሌንስ አራት እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ይህ ልዩነት ሰማይ ላይ በደንብ ይታያል። በአንዱ ጭጋግ የሚመስለው የኮከብ ክምችት በሌላው ተፈልቅቆ ኮከብ ኮከብ ይሆናል። ማጉላትን በተመለከተ ደግሞ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያየው 20 እጥፍ ገደማ በምታጎላ፣ ዛሬ ቢሰጡን በማንቀበላት ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ነገር መቆሚያው ነው። ብዙ ሰው ቱቦውን አገላብጦ ያያል፣ እግሩን ግን ዞር ብሎም አያየው። ርካሽ ትሪፖድ ላይ የተቀመጠ ጥሩ ሌንስ ከመጥፎ ሌንስ አይሻልም፣ ምክንያቱም 60 እጥፍ ስታጎሉ መንቀጥቀጡም አብሮ 60 እጥፍ ይጎላል። ሱቅ ውስጥ የምትፈትኑት እንዲህ ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ዕቃውን በር ላይ አውጡት። ቁጥሯ ትልቅ የሆነችውን አይፒስ፣ ለምሳሌ 25 ወይም 20 የተጻፈባትን፣ አስገቡና ሩቅ ያለ የቴሌ አንቴና ወይም ፎቅ ላይ የተሰቀለ የሮቶ ታንከር ላይ አነጣጥሩ። አሁን ቱቦውን በጣታችሁ ጠቅ አድርጉትና በሆዳችሁ ቁጠሩ። ሁለት ሳትሉ ከረጋ ጥሩ ነው። አምስት ቆጥራችሁም ታንከሩ እየጨፈረ ከሆነ መልሳችሁ ካርቶኑ ውስጥ ክተቱት። ሻጩ «ለማታ ነው እኮ የሚሆነው፣ በቀን አይሠራም» ካላችሁ ሳቁና እለፉ፤ በቀን ያልጠራ በሌሊት አይጠራም። በዚያው ጸሐይ ባለችበት አቅጣጫ አታዙሩት፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ማስመሪያም ያዙ። የአይፒሷ ቂጥ፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ የሚገባው ጎን፣ 31.7 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 24.5 ከሆነ አሮጌው የመጫወቻ ልክ ነው፣ ነገ የተሻለ አይፒስ ልግዛ ብትሉ የሚገጥም አታገኙም። ሌላም አለ፦ ቱቦው በእጅ ስትለኩት ግማሽ ሜትር፣ ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን 1000 ሚሊሜትር የሚል ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ካያችሁ፣ ውስጡ ርዝመቱን የሚያታልል ተጨማሪ ሌንስ ተደብቆበታል። እንዲህ ያሉት አብዛኞቹ ጥርት ያለ ምስል አይሰጡም፣ መስታወቱን ማስተካከልም ራስ ምታት ነው።

እሺ ምን ይገዛ? በእኔ ግምት ለድሬ ሰው ምርጡ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ 130 ሚሊሜትር ዶብሶኒያን ነው። ዶብሶኒያን ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው። ሰውየው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከካርቶን ቱቦና ከኮምፔንሳቶ ትልልቅ ቴሌስኮፕ እየሠራ፣ እግረኛ መንገድ ላይ አቁሞ አላፊ አግዳሚውን «ና እይ» የሚል ነበር። መቆሚያው ሞተር የለው፣ ብሎን አይበዛው፤ ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ አለቀ። ቢሰበር ሰፈራችሁ ያለ አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ስካይ-ዋቸር ሄሪቴጅ 130ፒ የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው፤ ቱቦው ይታጠፋል፣ ክብደቱ 6 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ሊገባ ይችላል። የትኩረት ርዝመቱ 650 ሚሊሜትር ስለሆነ አብሮት በሚመጣው 25 አይፒስ 26 እጥፍ፣ በ10ሩ ደግሞ 65 እጥፍ ያጎላል። ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አታስቀምጡት፣ ይወዛወዛል። የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ይሻላል፤ ዝቅተኛ በርጩማ ስባችሁ ትቀመጣላችሁ።

ገንዘቡ ከፈቀደ 150 ወይም 200 ሚሊሜትር መሬት ላይ የሚቆም ዶብሶኒያን እሰየው ነው። ግን 200ው ትልቅ ሰው የሚያክል ዕቃ ነው፣ በባጃጅ ይዞ ወደ ጨለማ ቦታ መውጣት አይታሰብም። ግቢያችሁ ጨለማ ካልሆነና መኪና ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። በየሳምንቱ የሚወጣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ከአልጋ ስር ከሚተኛ ትልቅ ይበልጣል። ባለሌንስ የሚመርጥ ሰው ከ70 ሚሊሜትር አይውረድ። ጨረቃንና ፕላኔቶችን በደንብ ያሳያል፣ አቧራም አይገባበትም።

ኢኳቶሪያል የሚባለውን መቆሚያ ግን አቦ ተዉት። ያ ክብደት የተንጠለጠለበት፣ ፎቶ ላይ ሲያዩት ሳይንቲስት የሚያስመስለው። መቆሚያው እንዲሠራ አንዱ ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስላለች የሰሜን ኮከብም ከአድማሱ ከፍ የምትለው ያንኑ ያህል ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብትጨብጡ የአንድ ጡጫ ከፍታ ማለት ነው። በዚያ በኩል ደግሞ የቆላው አቧራ አለ፣ የጎረቤት ግንብ አለ። ብትገኝም ርካሾቹ መቆሚያዎች እስከዚያ ዝቅ ሲሉ ክብደቱ ከትሪፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ይህ ዕቃ ለለንደን ሰው ታስቦ የተሠራ ነው።

በሌላ በኩል እኛ ጋ ያለውን ሰማይ የለንደኑ ሰው አያገኘውም። ፕላኔቶቹ እዚህ ከፍ ብለው ነው የሚያልፉት፣ ከፍ ያለ ነገር ደግሞ በቀጭን አየር ውስጥ ስለሚታይ ይጠራል። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ በጥር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አናታችን ላይ ይደርሳል። ግንቦት ላይ ወደ ደቡብ ዞራችሁ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለውን የኮከብ ክምችት ፈልጉ፤ በዓይን ስታዩት የደበዘዘ ኮከብ ነው፣ በ130 ሚሊሜትር ግን ጫፍ ጫፉ ወደ ብናኝ ኮከብ ይለወጣል። ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለሚል የደንገጎ ተራራም አይከልለውም። የደቡብ መስቀል ግን 20 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስላለ ከተራራው ስር ለሚኖር ያስቸግራል።

ለ130ው ገንዘብ ካልደረሳችሁ፣ ደካማ ቴሌስኮፕ ከምትገዙ 10 በ50 የሆነ ባይናኩላር ግዙ። 10 ማጉያው ነው፣ 50 የሌንሱ ስፋት። ሰባቱ ከዋክብትን በባይናኩላር ያየ ሰው በትልቅ ቴሌስኮፕ ሲያያቸው ቅር ይለዋል፣ ምክንያቱም በቴሌስኮፑ ሁሉም አንድ ላይ አይገቡም። ግድግዳ ተደግፋችሁ ወይም ፍራሽ ላይ ተንጋልላችሁ እዩ፣ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ። ቴሌስኮፕ ቢገዛም ባይናኩላሩ ከሥራ አይወጣም።

አሁን ስለ ድሬ ሙቀት። ጸሐይ ገብታም ሲሚንቶው ሙቀቱን አይለቅም፣ የቆርቆሮ ጣሪያውም እንዲሁ። በዚያ ላይ የሚነሳው ሞቃት አየር ምስሉን ያፈላዋል፤ ጁፒተር ቅርጿ አልረጋ ካላችሁ ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት ከማን ቤት ጣሪያ በላይ እያያችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። አፈር ያለበት ግቢ ከሰገነት ይሻላል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓትም ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሻላል። ከቤት ውስጥ በመስኮት ማየት አይሆንም። አቧራው መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ይረፍ። ጥቂት አቧራ ምስሉን አይጎዳም፤ በነጠላ ጫፍ ወይም በሶፍት ስትጠርጉት ግን የመስታወቱን ሽፋን ትፍቁታላችሁ፣ ያ አይመለስም። አፉን ከድናችሁ በፌስታል ጠቅልሉ፣ በቃ። በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ከተጓዘ በኋላ መስታወቱ ሊዛነፍ ስለሚችል እንዴት እንደሚስተካከል ከመመሪያው አንብቡ፤ ከባድ አይደለም፣ ሦስት ብሎን ነው።

ጨለማ ፍለጋ ከከዚራና ከሳቢያን መብራት መራቅ ነው። ጨረቃና ፕላኔቶች የመንገድ መብራት አይፈሩም፣ ከግቢም ይታያሉ። ለፍኖተ ሐሊብና ለኔቡላዎች፣ ማለትም ሰማይ ላይ ላሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ ግን ደንገጎን ወጥቶ ወደ ሐረማያ ማምራት ነው፤ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ ያዙ። ሐረር ያላችሁ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆናችሁ ሰማዩ ጠራ ይላል። ከጀጎል ወጣ ብላችሁ የምትቆሙ ከሆነ ጅቡ መምጣቱ አይቀርም። የሐረር ጅብ ሰው ለምዷል ይባላል፣ እኔ ግን ዓይኔን ቴሌስኮፕ ላይ ተክዬ ከኋላዬ ኮሽታ መስማት አልወድም። ሦስት አራት ሆናችሁ ውጡ። መብራት የጠፋ ማታ ደግሞ ሁሉም ሲያማርር እናንተ ዕቃችሁን አውጡ።

የምታዩት ነገር እንደ ፎቶው አይደለም። የኦሪዮን ኔቡላ ግራጫ ጢስ ነው፣ ቀይና ሐምራዊ የለውም። አንድሮሜዳ ጋላክሲ ሞላላ ደመና ነው። ጨረቃ ግን ፎቶ ሁሉ አይደርስባትም፤ ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን እዩዋት፣ ጥላው የጉድጓዶቹን ጠርዝ ያወጣዋል። ሳተርን በ2017 ዓ.ም. ቀለበቱን በጠርዙ ስላዞረብን ጭረት መስሎ ነበር፣ አሁን ከዓመት ዓመት እየተከፈተ ነው።

የቀረው ጸሐይ ናት። ያለ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ጸሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፣ ለአፍታም ቢሆን። አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች አይፒሷ ላይ የምትጠመዘዝ ጥቁር መስታወት አብረው ይሰጣሉ፤ ሙቀቱ እዚያች ነጥብ ላይ ስለሚከማች ልትሰነጠቅ ትችላለች፣ ልጆች እጅ ሳትገባ ሰባብራችሁ ጣሏት። ትክክለኛው ማጣሪያ ከፊት፣ የቱቦውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ ሙሉ የጸሐይ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመንና በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ያልፋል። እኛ ጋ በከፊል ይታያል፣ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ። ማጣሪያ ከፈለጋችሁ የቱቦውን አፍ የውጭ ስፋት ለክታችሁ ከቴሌስኮፑ ጋር አንድ ላይ አስመጡ፤ ቀኑ ሲቀርብ ዓለም ሁሉ ነው የሚሻማው።