ከባህር ዳር ሆኖ የካናዳ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ ቡድን ውስጥ ለመግባት

ጠዋት ሐይቁ ዳር ልምምድ ላይ የሚያገኙኝ ልጆች ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፣ «ያክስትህ ልጅ ካናዳ እንዴት ገባች?» ለሁሉም ቆሜ ሳስረዳ ላቤ ይደርቃል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ የአሜሪካውን ወሬ ለጊዜው ተዉት። እዛ አንዳንዱ ጋ ምግቡም አልጋውም ይሸፈናል ይባላል፣ ካናዳ እንደዛ አይደለም። የካናዳን የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የሚመራው ዩ ስፖርትስ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2016 ሲአይኤስ ሲባል የነበረው ማለት ነው፣ በነሱ ህግ የስፖርት ስኮላርሺፕ ከትምህርት ክፍያና ከግዴታ ክፍያዎች አይበልጥም። ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንንም ሙሉውን አይሰጥም፣ የሚሰጠው ቁራጩን ነው። ለውጭ ተማሪ ክፍያው ብዙ ቦታ በዓመት ከ20 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ስለሆነ ቁራጩ ስንት እንደሆነ ሳታውቁ ዘመድ ሰብስባችሁ ድግስ እንዳትደግሱ።

ታዲያ ለምን ትንሹን ትላለህ ካላችሁኝ፣ አገር አቋራጭ ላይ አንድ ቡድን 7 ሯጭ ያሰልፋል፣ ነጥብ የሚያዝላቸው ግን ቀድመው የገቡት 5ቱ ናቸው፣ የወጡበት ደረጃ ይደመርና ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። አሁን አስቡት፣ አራቱ ጎበዝ ሆነው አምስተኛዋ 40ኛ ከገባች ድምሩ ገደል ገባ። ጥቂት ሺህ ተማሪ ብቻ ያለው ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ እንቅልፍ የሚያጣው በዛች በአምስተኛዋ ነው፣ እናንተን የሚፈልጋችሁም ለዛ ነው። ኢሜይሉንም ብዙ ጊዜ ራሱ ነው የሚያነበው። ኖቫ ስኮሺያ ግዛት ያሉትን አካዲያንና ሴንት ፍራንሲስ ዛቪየርን የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። ብቻ ከመጻፋችሁ በፊት ስፖርቱ እንዳላቸው የዩኒቨርሲቲውን የስፖርት ዌብሳይት እዩ፣ ትንንሾቹ ሁሉም ስፖርት የላቸውም፣ አንዳንዶቹም በዩ ስፖርትስ ሳይሆን በኮሌጆቹ ማህበር በሲሲኤኤ ስር ነው የሚወዳደሩት።

ቀጥሎ ሰዓታችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኛ ልጅ 10 ሺህ ሜትር ሮጠ ስንባል ነው ደስ የሚለን፣ እነሱ ጋ ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ አገር አቋራጭ ነው፣ ከዛ ከጥር እስከ መጋቢት መጀመሪያ የቤት ውስጥ የትራክ ውድድር፣ በቃ የዩ ስፖርትስ ዓመት እዛ ላይ ያልቃል። ቤት ውስጥ ደግሞ ረጅሙ ርቀት 3000 ነው፣ ከሱ በታች 1500፣ 1000፣ 600 አለ። ትራኩ 200 ሜትር ስለሆነ 3000 ማለት 15 ዙር ነው፣ ሲያዞር ያዞራል። ስለዚህ የጎዳና 10 ኪሎ ሜትር ሰዓታችሁን አንደኛ ላይ አትጻፉ፣ ትራክ ላይ 1500 እና 3000 ሩጡና እሱን ጻፉ። በእጅ የተያዘ ከሆነ በእጅ ነው በሉ፣ መዋሸት ዋጋ የለውም መጀመሪያ ልምምድ ላይ ይታወቅባችኋል። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ መሆኗንም ጻፉ፣ ከፍታ ላይ ሰዓት እንደሚዘገይ አሰልጣኙ ያውቃል፣ እናንተ ቀንሳችሁ አትላኩለት።

አሁን ወደኛ ጉድ ልምጣ። ያክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ኢሜይል ስትልክ የውድድሩን ቀን ግንቦት 2016 ብላ ጻፈችው፣ በኛ አቆጣጠር ልክ ነው። አሰልጣኙ መለሰ፣ «በጣም ጥሩ ሰዓት ነው፣ ግን ይሄን የሮጥሽው የ10 ዓመት ልጅ ሆነሽ ነው?» ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቆጥሮ! እኔ ስስቅ እሷ ልታለቅስ ነበር። ቀኑን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ቀይሩ፣ የልደት ቀናችሁ ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት ላይ አንድ መሆኑን፣ የአያት ስምም በአንድ አይነት ፊደል መጻፉን እዩ።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን፣ በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፉት፣ ይዘቱ እንዲህ ነው፦ «ስሜ እገሊት ነው፣ 18 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ባህር ዳር ነው፣ ከፍታው 1,800 ሜትር አካባቢ። 3000 ሜትር 9:58፣ 1500 ሜትር 4:38፣ ሁለቱም ትራክ ላይ፣ በእጅ የተያዘ፣ ግንቦት 2024። 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ አማካዬ 84 ነው። ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ፣ ቤተሰቤ በዓመት ይሄን ያህል መክፈል ይችላል። ቪዲዮው ይኸው።» አለቀ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ህልሜ» ምናምን አያስፈልግም። የቤተሰብ አቅም መጻፍ ያሳፍራል አውቃለሁ፣ ግን አሰልጣኙ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው።

ቪዲዮውን የሚቀርጽ ሰው ሜዳው መሃል ቆሞ አብሯችሁ ይዙር፣ ሙሉ አንድ ዙር፣ ሙዚቃ የለ ምን የለ። እኛ የመጀመሪያውን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠን ነው የቀረጽነው፣ ስናየው ዘንባባ ነው የሚሮጠው፣ የሾፌሩ ዘፈን ደግሞ እላዩ ላይ።

የምትልኩበት ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ የአገር አቋራጭ ሻምፒዮናቸው ያልፍና ለቀጣዩ መስከረም ሰው ማሰብ ይጀምራሉ። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱት፣ ከዛ ወደ ሌላው። ለ40 አሰልጣኝ አንድ አይነት ኢሜይል አትበትኑ፣ ይተዋወቃሉ።

ትምህርቱን በአጭሩ፦ በዩ ስፖርትስ ህግ ለመግባት ቢያንስ 60 ከመቶ ይፈለጋል፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ግን ከዛ በላይ ይጠይቃል፣ ከገባችሁ በኋላም በዓመት 18 ክሬዲት ካላለፋችሁ መወዳደር አይቻልም፣ ሩጫ ብቻ ይዞ የሚኖር የለም። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይልትስ ብዙ ቦታ 6.5 ነው፣ ዱኦሊንጎ የሚቀበሉም አሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚወጣው እነሱ መስከረም ትምህርት ሲጀምሩ አካባቢ ስለሆነ አንድ ዓመት እንደምትጠብቁ ከወዲሁ አስቡት።

ቪዛው ነው ከባዱ። ከ2024 ጀምሮ ከቅበላ ደብዳቤው ሌላ የግዛቱ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ እሱን የምታገኙት በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው። ከትምህርት ክፍያና ከትኬት ሌላ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ ባንክ ማሳየት አለባችሁ፣ 20,635 የካናዳ ዶላር ነበር፣ ከመስከረም 2025 ጀምሮ 22,895 ሆኗል። ኩቤክ ግዛት ህጉ ለየት ይላል። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። እዛ ሰርቼ እከፍላለሁ የምትሉ፣ ትምህርት ባለበት ወቅት ከግቢ ውጪ የሚፈቀደው በሳምንት 24 ሰዓት ነው፣ ለቪዛ ደግሞ እንደ ገንዘብ አይቆጠርላችሁም። ደላላ ጋ አትሂዱ። እኔ አንዱን አምኜ 60 ሺህ ብር ከፍዬ ያመጣልኝ ማንም ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደውን ፎርም ነው።

አሰልጣኙ ከተስማማ በቪዲዮ ያወራችኋል። ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉለት፣ በብርዱ ወቅት ኖቫ ስኮሺያ ከኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ የነሱ ጠዋት 9፡00 የኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለትም 16፡00 ነው። የኛዋን ዊንተር ላይ መለማመድ ትችያለሽ ወይ አላት። ትምህርት ቤት ዊንተር ማለት ክረምት ነው ተብላ ስለተማረች ሐምሌና ነሐሴ መስሏት «ችግር የለውም፣ ጭቃ ለምጃለሁ» አለችው። እሱም ደስ አለው። እኔም አጠገቧ ሆኜ ጎሽ ብያለሁ። ጥር ላይ በረዶው ጉልበቷ ድረስ ሆኖ ፎቶ ስትልክልኝ ነው የገባኝ።