ዶሮዋ ልታቀፍ ስትል

«ዶሮዬ ሳትታመም አልቀረችም» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ነው። ከጎጆዋ አትነሳም፤ እህል አታነሳም፤ እጅ ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች። ታመመች የተባለችው ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነችም። መታቀፍ አምሯታል፣ በቃ። ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ሲጨምርባት እንቁላል መጣሉን ታቆምና መቀመጥ ብቻ ይሆናል ሥራዋ። ከሥሯ እንቁላል ኖረ አልኖረ ግድ የላትም። የእኔ ገብስማ ድንች ብትሰጧት ድንች ትታቀፋለች።

እርግጠኛ ለመሆን ማታ እዩዋት። ሌሎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ እሷ ጎጆዋ ውስጥ ከቀረች ነገሩ እውነት ነው። ሆዷን ዳብሱት፤ ላባው ተነቅሎ ቆዳዋ ይሞቃል። ኩሷም ይለያል። ቀኑን ሙሉ ይዛ አንድ ጊዜ ስለምትጥለው ትልቅና ክፉኛ የሚሸት ነው። አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም።

ከዚህ በኋላ መወሰን አለባችሁ። ወይ ታስታቅፏታላችሁ፣ ወይ መታቀፉን እንድትተው ታደርጓታላችሁ። ዝም ብሎ ማየት የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ ጎጆ ታቅፋ በከረመች ቁጥር ትከሳለች፣ ለማስተውም ታስቸግራለች። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እንቁላሉ አይደለም። «የት ታስቀምጣታለህ?» ነው የምለው። የምትታቀፍ ዶሮ በግቢው ውስጥ ካሉት ሁሉ ለአውሬ የቀረበችው ናት። ሌሎቹ ከፍ ብለው ያድራሉ። እሷ መሬት ላይ፣ በጨለማ፣ ሳትንቀሳቀስ 21 ቀን ትቀመጣለች። ብትነካም ከእንቁላሏ ንቅንቅ አትልም። የሚዘጋ ጠንካራ ቦታ ከሌላችሁ፣ ወይም አውራ ዶሮ ከሌለና ከሌላ ቦታ ዘር ያለው እንቁላል ካላመጣችሁ፣ ቶሎ ማስተዉ ይሻላል።

ማስተው ከባድ አይደለም። ወለሉ ሽቦ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ብርሃን ያለበት ሣጥን ውስጥ አስገቧት። ምግብና ውኃ ስጧት፤ ጭድ ግን አታንጥፉ። ከታች የሚገባው አየር ሆዷን ሲያቀዘቅዘው ፍላጎቷ ይበርዳል። ሦስት አራት ቀን በቂ ነው። ከዚያ ሊመሽ ሲል ልቀቋትና ተመልከቱ፤ ቆጥ ላይ ከወጣች ትታዋለች፣ ወደ ጎጆዋ ከሮጠች ወደ ሣጥኑ ትመለስ። እንቁላል መጣል ለመጀመር ከዚያ በኋላም ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊፈጅባት ይችላል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር የሚመክሩ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ዶሮዋን ማሰቃየት ነው፣ ብዙዎቹም ላባቸው ሳይደርቅ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ለማስታቀፍ ከወሰናችሁ ግን ከሌሎቹ ለዩዋት። ከመንጋው ጋር ከቀረች ሌሎቹ ላይዋ ላይ እየወጡ ይጥሉባታል፤ አዲስና አሮጌ ይደባለቅና የሚፈለፈልበት ቀን ይጠፋል። የግድ እዚያው የምትቆይ ከሆነ የእሷን እንቁላሎች በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸውና ምልክት የሌለውን በየቀኑ አንሱ።

የምትዛወረው በሌሊት ነው። ቀን ካዘዋወራችኋት ወደ ድሮ ቦታዋ ለመመለስ ስትታገል ትውላለች። አዲሱ ጎጆ ውስጥ መጀመሪያ የተቀቀለ እንቁላል ወይም የጎልፍ ኳስ አድርጉላት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የተባለው መቼም በከንቱ አይደለም። አንድ ሁለት ቀን ረግታ ከተቀመጠች፣ ማታ የሐሰቱን አንስታችሁ እውነተኛውን በአንድ ጊዜ ሸጉጡላት። ዛሬ ሦስት፣ ነገ አራት እያላችሁ አትጨምሩ። ሁሉም በአንድ ቀን ካልጀመሩ በአንድ ቀን አይፈለፈሉም፤ እናትየው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ተከትላ ስትነሳ የቀረው ይበላሻል።

እንቁላሉ ከተጣለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ያልበለጠው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያልታጠበ ይሁን። እስኪታቀፍ ድረስ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይደለም። ብዛቱን የሚወስነው የዶሮዋ አካል ነው። ለመካከለኛ ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃል። ስትቀመጥ አንዱ እንቁላል በጎን ብቅ ካለ በዝቷል ማለት ነው። «አንዱ ቢበርደው ምን አለበት» እንዳትሉ። እሷ ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥና ከዳር ወደ መሀል ስትጎትት ስለምትውል፣ ዛሬ ዳር የነበረው ነገ መሀል ይገባል፤ ሁሉም በየተራ ይበርዳቸዋል።

ከማስታቀፋችሁ በፊት ቅንቅን ፈልጉ። ክንፏን አንሱ፣ በኩስ መውጫዋ ዙሪያ ያለውን ላባ ገለጥ አድርጉ። ቆጡና የሣጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቀው ማታ ደም የሚመጥጡ ቀያይ ተባዮችም አሉ። እነዚህ የወረሯት ዶሮ ወይ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ ወይ እዚያው ደሟ አልቆ ትሞታለች። ጎጆውን አጽዱ፣ ጭዱን ለውጡ፣ የምትንከባለልበት ደረቅ አፈርና አመድ በቅርብ አድርጉላት።

በቀን አንድ ጊዜ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ያህል ተነስታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትንከባለላለች። አትነሳም ካለች እናንተ አንሷት። ግን መጀመሪያ እጃችሁን ከክንፏ ሥር አስገብታችሁ ፈትሹ፤ እንቁላል ይዛ ትነሳና ሌሎቹ ላይ ትጥለዋለች።

ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ማታ ላይ እንቁላሎቹን በብርሃን ማየት እወዳለሁ። የስልክ መብራት ይበቃል። ሰፊውን ጫፍ መብራቱ ላይ አስደግፉና ብርሃኑ በጎን እንዳያመልጥ በጣታችሁ ክበቡት። ደህናው እንቁላል ውስጥ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ከእሱም ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ዛፍ ሥር ይዘረጋሉ። ትንሽ ከታገሳችሁ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ሙሉ በሙሉ ጥርት ያለው ዘር የለውም። ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ ሞቷል። ሁለቱንም አውጡ፤ ከቆየ ገምቶ ይፈነዳል፣ ሽታውም ግቢውን ሙሉ አውሬ ይጠራል። ቅርፊቱ ቡናማ ከሆነ ማየቱ ያስቸግራል፤ ካልለያችሁት ለጥቂት ቀን ተዉት።

ከ18ኛው ቀን በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። 21ኛው ቀን ገደማ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ «ልርዳው» ማለት ይመጣል። አትርዱት። የተፈለፈለው ጫጩት የአስኳሉን ቀሪ በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ ለሁለት ቀን ያህል ባይበላም ይችላል። ውኃው ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ ጠጠር ጨምሩበት፣ ጫጩት በጣት ርዝመት ውኃ ይሰጥማል።

አሁን ስለ ቤቱ። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ይከለክላል እንጂ አውሬን ከመግባት አይከለክልም። ውሻ ይበጥሰዋል፣ አይጥ በቀዳዳው ያልፋል። ታቃፊዋ ያለችበት ክፍል ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ በተበየደ ወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ መስኮትና አየር ማስገቢያውም ጭምር። ቆፍሮ ለሚገባ አውሬ ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት ቅበሩት፤ መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ከግድግዳው ወደ ውጭ አንጥፉና ድንጋይ ጫኑበት። አውሬ ግድግዳው ሥር ነው መቆፈር የሚጀምረው፤ ሽቦው ላይ ሲደርስ ራቅ ብሎ መጀመር አይመጣለትም።

በሩ ላይ በአፍንጫ ተገፍቶ የማይከፈት መቀርቀሪያ አድርጉ። ሸለመጥማጥ የምታምኑትን ቀዳዳ ሁሉ ይሞክራል፤ ግድግዳ ይወጣል፣ ጣራ ሥር ይገባል፣ ከገባም በአንድ ዶሮ ላይቆም ይችላል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከመሸ በኋላ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ባትሪ አብርቼ በሩን እዘጋለሁ፣ ከዚያ በውጭ እዞራለሁ። ብርሃን ጣት በሚያህል ስፋት ከወጣበት ቦታ ሁሉ አውሬም ይገባበታል። የተረፈ ምግብም ማታ አታስቀምጡ፤ አይጥ ለጥሬው ይመጣና ጫጩቱን ያገኛል።

ጫጩቶቹ ሲወጡ ደግሞ ጠላቱ ከላይ ነው። ጭልፊት አንዴ ካገኘ በየቀኑ ይመላለሳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከላይም በመረብ የተሸፈነ አጥር ውስጥ ይዋሉ። ከዚያ በኋላም ሜዳ ላይ አትልቀቋቸው፤ ቁጥቋጦ ወይም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ መሳይ ነገር ይኑር። እናትየዋ ሰማይ ላይ ላየችው አንድ ድምፅ፣ መሬት ላይ ላየችው ሌላ ድምፅ አላት፤ ጫጩቶቹ ወዲያው ይሮጣሉ፣ ግን የሚሮጡበት መኖር አለበት።

ጥቃት ከደረሰ ሳታጸዱ በፊት ዱካውን አንብቡ። አንድ ቦታ የተከመረ የተነጨ ላባ ካለና ቀን ከሆነ ጭልፊት ነው። ብዙ ዶሮ ተነካክሶ፣ ሳይበላ ተበትኖ ከተገኘ ውሻን ጠርጥሩ። ጫጩት በየሌሊቱ አንድ አንድ እያለ ከጠፋ የአይጥ ጉድጓድ ፈልጉ። እንቁላል ያለ ቅርፊት ስባሪ ከጠፋ እባብ ሊሆን ይችላል። መርዝ ግን አትበትኑ፤ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይለቅሙታል፣ የተመረዘውን አይጥ የበላ ድመትም ይሞታል። የመጣው አውሬ መንገዱን ስላወቀ ተመልሶ ይመጣል፣ ምናልባት ዛሬውኑ። ስለዚህ የገባበትን ቀዳዳ ሳይመሽ ድፈኑ፤ ታቃፊዋንም ለዚያች ሌሊት ከነእንቁላሎቿ በቅርጫት አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አሳድሯት።