የውጭ አገር የሥራ ጥሪ ሲመጣ በሂሳቡ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ከሌላ አገር የመጣ የቅጥር ደብዳቤ ሲከፈት ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ነው። ቁጥሩ ወደለመዱት ገንዘብ ተመንዝሮ አሁን ከሚያገኙት ጋር ሲስተያይም ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ይሁን እንጂ ውሳኔው ሊቆም የሚገባው በተራፊው ላይ ነው፤ ይኸውም ከግብር፣ ከመዋጮ፣ ከኪራይ፣ ከመድን፣ ከልጆች ትምህርትና ከጉዞ በኋላ ዓመቱ ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው ገንዘብ፣ ባሉበት ቢቆዩ ኖሮ ከሚቀርዎ ጋር ሲመዛዘን ማለት ነው። ከዚህ በታች የተነሱት ስህተቶች መልካቸው ቢለያይም አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ተራፊ ሳይሰላ ውሳኔ ላይ በመድረስ ነው።

ያልተጣራውን ደመወዝ እንደ ገቢ መቁጠር

በቅጥር ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው ግብርና መዋጮ ያልተቀነሰለት ደመወዝ ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የሚነሳው መጠን ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። በጀርመን ከገቢ ግብሩ ሌላ ሠራተኛው ለጡረታ፣ ለጤና፣ ለሥራ አጥነትና ለእንክብካቤ መድን (በእርጅና ወይም በሕመም ረዳት ለሚያስፈልገው ሰው የሚውል) የሚያዋጣው ድርሻ ብቻ፣ በሕግ እስከተቀመጠው ጣሪያ ድረስ፣ ከደመወዙ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወስዳል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በኳታር ደግሞ ከደመወዝ ላይ የሚከፈል የገቢ ግብር የለም። ስለዚህ ከእነዚህ ቦታዎች አንድ ዓይነት ቁጥር የያዙ ሁለት ደብዳቤዎች ቢመጡ ክፍያቸው እኩል ነው ማለት አይደለም። በሌላ በኩል በጀርመን የሚቆረጠው ገንዘብ ሕክምናን፣ ጡረታንና የሥራ አጥነትን ጊዜ የሚሸፍን ስለሆነ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሳይቆረጥ የቀረውን ሁሉ ትርፍ አድርጎ መውሰድም ያሳስታል፤ ያንኑ ሽፋን እዚያ በራስ ኪስ መግዛት ሊያስፈልግ ይችላልና።

“የተጣራ” የሚለው ስያሜ ራሱ በየአገሩ የሚያጠቃልለው ነገር የተለያየ ነው። በስዊዘርላንድ መሠረታዊ የጤና መድን ግዴታ ቢሆንም ከደመወዝ ላይ አይቆረጥም፤ አዲስ ነዋሪ በሦስት ወር ውስጥ ለራሱና ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ለየብቻ ይገዛል፣ ወጪውም ከተጣራው ደመወዝ ላይ ይወጣል። በአሜሪካ አብዛኛው ሠራተኛ ከፌዴራሉ የገቢ ግብር ሌላ 7.65 በመቶ ለማኅበራዊ ዋስትናና በዋናነት የአረጋውያን የጤና መድን ለሆነው ለሜዲኬር ያዋጣል፤ የግዛት የገቢ ግብርን በተመለከተ ግን ካሊፎርኒያ ስታስከፍል ቴክሳስና ፍሎሪዳ አያስከፍሉም። በኦስትሪያ የዓመቱ ደመወዝ ብዙውን ጊዜ በ14 ክፍያዎች ስለሚከፋፈል የወሩን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ጥሪውን ከሚገባው በላይ ያቃልለዋል። በዚህ ምክንያት ማነጻጸሪያው የዓመት ሂሳብ ቢሆን ይሻላል። በብዙ አገሮች ትዳርና ልጆች የግብሩን መጠን ስለሚለውጡ፣ “በእኔ የቤተሰብ ሁኔታ በእጄ የሚደርሰው ስንት ነው?” ብሎ አሠሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለበትም። መልሱን በአገሩ የግብር መሥሪያ ቤት የማስያ መሣሪያ፣ ካለ፣ ማመሳከርም ይቻላል።

ሁሉንም ነገር በምንዛሪ ማስላት

የምንዛሪ ተመን አንድ ገንዘብ በሌላው ስንት እንደሚገዛ ይነግራል እንጂ በዚያ ገንዘብ እዚያው አገር ምን ያህል ዳቦ ወይም ስንት ክፍል ቤት እንደሚገኝ አይነግርም። የዓለም ባንክ የሚያወጣው የመግዛት አቅም ንጽጽር ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሰናዳ ነው፤ ነገር ግን የመላውን አገር አማካይ የሚያሳይ ስለሆነ በዋና ከተማ ለሚከራይና ልጆቹን በግል ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ሰው መነሻ ከመሆን አያልፍም።

ገቢን ለሁለት ከፍሎ ማየት ከዚህ የተሻለ ዘዴ ነው። እዚያው የሚወጣው ገንዘብ በእዚያው ዋጋ ይሰላ፤ ድንበር የሚሻገረው፣ ማለትም ለቤተሰብ የሚላከው፣ ዕዳ የሚከፈልበት ወይም ለመመለሻ የሚቆጠበው ደግሞ በምንዛሪ ይሰላ። ከደመወዙ ዘጠኝ አስረኛውን እዚያው የሚጨርስ ሰው የምንዛሪው ከፍታ ብዙም አይጠቅመውም፤ ግማሹን መቆጠብ ለሚችለው ግን የጉዞው ዋና ትርጉም እርሱ ሊሆን ይችላል። የእዚያውን ወጪ ለመገመት በኢንተርኔት የሚገኙት የኑሮ ውድነት ማስያዎች አብዛኛውን ጊዜ ተጠቃሚዎች በፈቃዳቸው በሚያስገቡት ዋጋ ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ፣ በሥራ ቦታው አቅራቢያ ዛሬ የወጡ የኪራይ ማስታወቂያዎችን አንድ በአንድ ማየት ይበልጥ ያስተማምናል። ማስታወቂያውም ሲነበብ የተጻፈው ዋጋ ምንን እንደሚያካትት ይጣራ፤ በጀርመን ለምሳሌ ማሞቂያንና የጋራ አገልግሎቶችን ያላካተተው ኪራይና ያካተተው ኪራይ በማስታወቂያ ላይ ለየብቻ የሚጠቀሱ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ደመወዙ በምን በምን እንደተዋቀረ አለመጠየቅ

ይህ ስህተት እምብዛም አይወራለትም፤ በእኔ ግምት ግን በተለይ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚሄዱ ሠራተኞች ከሁሉ ይልቅ ውድ ነው። በዚያ አካባቢ ጠቅላላ ክፍያው መሠረታዊ ደመወዝ፣ የቤት አበልና የትራንስፖርት አበል ተብሎ መከፋፈሉ የተለመደ ሲሆን፣ እንደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኳታር ባሉ አገሮች ሠራተኛው ሲሰናበት የሚያገኘው የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ብቻ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሥራ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይታሰባል።

በወር 10,000 የሚከፍሉ ሁለት አሠሪዎች አሉ እንበል። አንደኛው 4,000ውን፣ ሌላኛው 7,000ውን መሠረታዊ ደመወዝ ብለው መድበዋል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው የ105 ቀን ክፍያ ይገባዋል፤ ይህም የሦስት ወር ተኩል መሠረታዊ ደመወዝ ስለሆነ በመጀመሪያው ውል 14,000፣ በሁለተኛው 24,500 ያገኛል። በየወሩ እጅ ላይ የሚደርሰው አንድ ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ የ10,500 ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱም የተፈጠረው ብዙ ሰው ሳያነበው በሚያልፈው አንድ መስመር ላይ ነው።

ከደመወዝ በላይ የሚሰጠው ጉርሻም (ቦነስ) እንዲሁ ነው። በውሉ ላይ “በአሠሪው ውሳኔ” የሚል ሐረግ የተቀጠለበት ጉርሻ በበጀት ውስጥ ሊገባ አይገባም፤ ከመጣ ቁጠባ ላይ ይጨመራል፣ ካልመጣ ኪራዩን አያስተጓጉልም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ወጪ ማሳነስ

የአውሮፕላን ቲኬት ከመዛወሪያ ወጪዎች ሁሉ ጎልቶ ቢታይም ከትንንሾቹ የሚመደብ ነው። ወደ ብሪታንያ በሥራ ቪዛ የሚሄድ አብዛኛው ሰው፣ በጤናና በእንክብካቤ ዘርፍ ቪዛ ካልሄደ በቀር፣ የጤና አገልግሎት ክፍያ የሚጠየቅ ሲሆን ክፍያው ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ 776 ፓውንድ ሆኖ ተደንግጓል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለቪዛው ዘመን በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ያውም አንድ ቀን ሥራ ሳይሠራ በፊት ነው። በዚህ ተመን ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ለሦስት ዓመት ቪዛ 10,866 ፓውንድ ማቅረብ ይኖርባቸዋል፤ የቪዛው ማመልከቻ ክፍያ በዚህ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ የኪራይ ማስያዣ ይመጣል። በጀርመን ሕጉ ማሞቂያና መሰል ወጪዎችን የማያካትተውን ኪራይ እስከ ሦስት ወር ድረስ በማስያዣነት ለመጠየቅ ይፈቅዳል፤ በዱባይ ደግሞ የዓመቱን ኪራይ በጥቂት ቼኮች አስቀድሞ መክፈል የተለመደ ነው። አዲስ መጤ በዚያ አገር የብድር ታሪክ ስለሌለው አከራዩ ከሌላው ሰው የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ ቢጠይቀው፣ ወይም ባንክ የክሬዲት ካርድ ቢከለክለው ሊደነቅ አይገባም፤ ባደገበት አገር የገነባው ታሪክ አብሮት አይሻገርም። የዚህ ሁሉ አብዛኛው የመጀመሪያው ደመወዝ ከመግባቱ በፊት የሚወጣ ገንዘብ ነው።

አሠሪው የመዛወሪያ ወጪ እሸፍናለሁ ካለ ሁለት ነገር ይጠየቅ። የመጀመሪያው ሠራተኛው ከተወሰነ ጊዜ በፊት ቢለቅ ገንዘቡን ይመልሳል የሚል አንቀጽ መኖር አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ድጋፉ ግብር ይከፈልበት እንደሆነ ነው፤ በአሜሪካ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሠሪ የሚሸፈን የመዛወሪያ ወጪ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ እንደ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል፣ ስለዚህ በደብዳቤው የተጻፈው ድጋፍ ሙሉ በሙሉ እጅ ላይ አይደርስም።

የአንዱን ደመወዝ አይቶ የቤቱን ገቢ መርሳት

ሁለቱም የሚሠሩ ባለትዳሮች በአንዳቸው ጥሪ ሲዛወሩ መነጻጸር ያለበት የሁለቱ ድምር ገቢ ነው። በአሜሪካ ኤች ዋን ቢ የተባለው፣ ለባለሙያ የውጭ አገር ሠራተኞች የሚሰጠው ቪዛ ያለው ሠራተኛ የትዳር ጓደኛ፣ የተወሰኑ ሁኔታዎችን ካላሟላ በቀር፣ የመሥራት ፈቃድ የለውም። ፈቃድ በሚሰጥባቸው አገሮችም ቢሆን ሐኪም፣ ነርስ፣ ጠበቃ ወይም መምህር የሆነ ሰው ሙያውን ለማስመዝገብ ፈተና፣ የቋንቋ ደረጃና ረጅም ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ለመጀመሪያው ዓመት የትዳር ጓደኛን ገቢ ዜሮ አድርጎ ማስላት ከጨለምተኝነት ሊቆጠር አይገባም። በዚህ ላይ እስካሁን አያት ወይም ዘመድ ያለ ክፍያ ይጠብቃቸው የነበሩ ሕፃናት ካሉ፣ በአዲሱ አገር የሕፃናት ማቆያ ወጪ አንዳንዴ ከኪራይ ጋር ይቀራረባል።

ጡረታንና ሁለተኛውን ግብር ለኋላ መተው

የሚያዋጡት ጡረታ የእርስዎ የሚሆነው ዝቅተኛው ዘመን ሲሞላ ነው። በጀርመን ለጡረታ ቢያንስ የአምስት ዓመት፣ በአሜሪካ ማኅበራዊ ዋስትና የአሥር ዓመት ያህል መዋጮ ይጠየቃል። ሁለቱ አገሮች የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ካላቸው የአገልግሎት ዘመኑ ሊደመር ይችላል፤ ስምምነት ከሌለ ግን ለሦስት ዓመት የሄደ ሰው መዋጮውን ከቁጠባው ጋር አብሮ መቁጠር የለበትም። በተለቀቀው ሥራ ላይ የሚቋረጠው የጡረታ ዘመንም በኪሳራው በኩል ይጻፍ።

ግብርን በተመለከተ ብዙ አገሮች በዓመት 183 ቀን የቆየን ሰው እንደ ነዋሪ ያዩታል፣ ሆኖም ቤተሰብና ቤት ቀድሞ በነበሩበት ከቀሩ ያ አገርም ነዋሪዬ ነው ሊል ይችላል። አሜሪካ ደግሞ ዜጎቿ የትም ቢኖሩ የዓለም አቀፍ ገቢያቸውን እንዲያስታውቁ ታዛለች። የድርብ ግብር ማስቀሪያ ስምምነት መኖሩን ከመሄድ በፊት ማረጋገጥ ለአንድ ጊዜ የባለሙያ ምክር የሚከፈለውን ገንዘብ ያዋጣል።

የዛሬው ተመን ይቆያል ብሎ ማሰብ

የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ከሦስት ዓመት በላይ ሲከላከል ቆይቶ ጥር 15 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ያንን ወለል ድንገት አነሳ፤ ፍራንክ በደቂቃዎች ውስጥ ተተኮሰ። በፍራንክ የሚከፈላቸው ሰዎች ቁጠባ በአንድ ቀን አደገ፤ ገቢያቸው በዩሮ ሆኖ ዕዳቸው በፍራንክ የነበረው ደግሞ የዚያኑ ያህል ተጎዱ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዕዳና ገቢ በተለያዩ ገንዘቦች ሲሆኑ ሂሳቡ ተመኑ 20 በመቶ ወደ መጥፎው አቅጣጫ ቢሄድ ምን እንደሚመስል አብሮ መሠራት አለበት። በየወሩ ገንዘብ የሚልክ ሰውም የመላኪያውን ወጪ ይደምር። የዓለም ባንክ ክትትል እንደሚያሳየው 200 ዶላር ለመላክ በዓለም አማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይወጣል፤ የተባበሩት መንግሥታት ለ2030 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ግብ ከ3 በመቶ በታች ማውረድ ነው። ከወጪው የተወሰነው ክፍል በአገልግሎት ክፍያ ስም ሳይሆን በምንዛሪው ልዩነት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚወሰድ፣ ተቀባዩ በእጁ የሚገባውን መጠን ማወዳደር ያስፈልጋል።

ሥራው ቢቋረጥ የሚመጣውን አለማስላት

የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪ ጋር ሲታሰር ሥራ ማጣት አገር የመልቀቅ ጥያቄ ይሆናል። በአሜሪካ ኤች ዋን ቢ ያለው ሰው ሥራው ሲቋረጥ እስከ 60 ቀን የሚደርስ ጊዜ ብቻ አለው። በጀርመን በሕግ የተፈቀደው የሙከራ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሲሆን በዚያ ውስጥ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ስለዚህ መጠባበቂያው የጥቂት ወራት ቀለብ ብቻ ሳይሆን የመላ ቤተሰቡን የመመለሻ ቲኬት፣ ጊዜው ሳይደርስ የሚፈርሰውን የኪራይ ውል ቅጣት፣ በተመለሱበት አገር ሥራ እስኪገኝ ያለውን ጊዜና ለአጭር ጊዜ የሚቋረጠውን የጤና መድን መሸፈን ይኖርበታል። ይህ መጠባበቂያ ከመነሻው ቀን በፊት ካልተሟላ፣ መነሻውን በጥቂት ወራት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ አሠሪውን መጠየቅ ብድር ይዞ ከመሄድ ይሻላል።

ስሌቱ ሲያልቅ ተራፊው ጥቂት ሆኖ ከተገኘ ጥሪውን ወዲያው ውድቅ ማድረግ አያስፈልግም። አሠሪዎች የደመወዝ እርከናቸውን መንካት ሲከብዳቸው የአንድ ጊዜ ወጪዎችን፣ ለምሳሌ የቪዛና የጤና ክፍያን፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማረፊያ፣ የትምህርት ቤት ድጋፍን ወይም የመመለሻ ቲኬትን፣ ለመሸፈን ብዙ ጊዜ ይቀላቸዋል፤ የመሠረታዊ ደመወዙን ድርሻ ከፍ ማድረግም ለእነርሱ የወር ወጪ አይጨምርም። ጥያቄው ግን በቁጥር ተደግፎ፣ ከፊርማ በፊት፣ በጽሑፍ ይቅረብ፤ የተስማሙበትም በቃል ሳይቀር በውሉ ላይ ይግባ።