ራስዎ የሚያስተካክሉት የመስሚያ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር

አዛውንቶች መሣሪያውን በሁለተኛው ቀን የሚያወልቁት ብዙውን ጊዜ “ጫጫታ ብቻ ነው” ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ለዓመታት ያልተሰማ የሰሃን ኳኳታና የወረቀት ኮሽታ በአንዴ ይመጣል፣ አንጎልም ይህን ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከአንድ ሰው ጋር እየተጨዋወቱ፣ በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ያህል ያድርጉት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ግርግር ያለበት ቦታ ለኋላ ይቆይ።

ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው። መሣሪያውን ለጆሮዎ ለማስተካከል በስልኩ መተግበሪያ የሚደረገውን የመስማት ሙከራ ቴሌቪዥን አጥፍተው ይሥሩ፤ በጫጫታ ውስጥ ከተሠራ መሣሪያው ከሚገባው በላይ ያጎላል።

ካፏጨ ድምፁን ለመቀነስ አይቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የላስቲክ ጫፍ ነው፦ በደንብ አልገባም ወይም አንሷል፣ ድምፁ ሾልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሳል። በሌላው እጅዎ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ጫፉን ያስገቡ፤ ካልተወ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ይሞክሩ። ኩክ ጆሮን ሲደፍንም ያፏጫል። የራስዎ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ከመሰለዎት ደግሞ ቀዳዳ ባለው ጫፍ ይቀይሩት። ድምፁ ከደከመ ባትሪውን ከመጠርጠርዎ በፊት በድምፅ መውጫው ላይ ያለችውን የኩክ ማጣሪያ ይዩ፤ ተደፍና ይሆናል።

መሣሪያው ለቀላልና ለመካከለኛ የመስማት ችግር ብቻ ነው። አንድ ጆሮ ብቻ ከደከመ፣ ሕመም፣ ፈሳሽ ወይም ማዞር ካለ ሐኪም ይቅደም። መስማት ድንገት ከጠፋ ግን ዛሬውኑ ይሂዱ።